«እሺ» ያለችኝ እናት

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ስሙ ይባረክ! ዛሬ የወጣሁት ልመሰክር ፈልጌ ነው። መጋቢያችን «ሲስተር፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብለውኛል። አራቷን እናገርባታለሁ፤ አንዷን ግን ለመጨረሻ አስቀምጡልኝ፣ እፈልጋታለሁ።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ ከመዘምራኑ መካከል ነው፤ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከዳር። ስሜ ትዕግስት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሆሳዕና ነው፤ አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። ስለዚህ ጌታን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ወገኖቼ፣ የማውቀው መዝሙሩን ነበር! ቃሉን ሳይሆን ዜማውን ነበር የያዝኩት።

ነርስ ሆኜ ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ከሰኞ እስከ አርብ እዚያ፣ ቅዳሜና እሁድ እዚህ ቦንጋ። የተሰጠኝ የታመሙ ሕፃናት ክፍል ነው። ሥራው ለሰሚው ቀላል ነው። እናቲቱን ትጠይቃላችሁ፦ ልጁ ጡት ይጠባል ወይ? የወሰደውን ሁሉ ያስታውከዋል ወይ? አንቀጥቅጦታል ወይ? ከዚያ ልብሱን ገልጣችሁ፣ ሳያለቅስ፣ ሰዓት ይዛችሁ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራላችሁ። በቃ። ሳንባው መታመሙን አብዛኛውን ጊዜ የምትነግራችሁ ያቺ ደቂቃ ናት።

እኔ ግን ፈጣን ነበርኩ። ሌላው ነርስ ስድስት ልጅ ሲያይ እኔ አሥር አያለሁ። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ «የትዕግስትን መዝገብ እዩ፣ አንድ ባዶ ቦታ የለውም» እያለ ለአዲስ ነርሶች ያሳይ ነበር። ባዶ ቦታ አልነበረውም፣ እውነት ነው። እንዴት እንደሞላሁት ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

አንድ አርብ ቀን ነው። እሁድ የመዘምራኑ የምሥረታ በዓል ነበር፤ ታስታውሳላችሁ። አዲሱ ወይን ጠጅ ልብሳችን እዚህ ቦንጋ ልብስ ሰፊው ጋ ደርሷል፣ ለመለካት መድረስ አለብኝ። ሚኒባሱ አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል። ዘጠኝ ከአርባ ሲሆን አንዲት እናት ገባች። ዓለሚቱ ትባላለች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፣ ዝናብ ነበር። የስምንት ወር ልጇን፣ ታሪኳን፣ በጋቢ ጠቅልላ አዝላታለች።

ዓለሚቱ የምትናገረው ካፊኖኖ ነው፤ አማርኛዋ ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት እዚያ ስኖር ካፊኖኖ የማውቀው ሰላምታውን ብቻ ነበር። ዘበኛችን ጋሽ ገብሬ ሁለቱንም ይናገራሉ፣ ከበሩ ሃያ እርምጃ ላይ ተቀምጠዋል። ብጠራቸው ይመጡ ነበር። አልጠራኋቸውም።

«ጡት ትጠባለች አይደል?» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ።

«አላስታወካትም አይደል?»

«እሺ።»

«አላንቀጠቀጣትም አይደል?»

«እሺ።»

አያችሁ ቅዱሳን? «አዎ» አላለችኝም። «እሺ» ነው ያለችኝ። አማርኛ ያልለመደ ሰው፣ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲጠይቀው ምን ይላል? እሺ ይላል! ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። አውቅ ነበር፤ ግን «እሺ» ለመዝገቤ ይመች ነበር። ጋቢውን አልገለጥኩም። የትንፋሽ ቁጥር ቦታ ላይ ስደርስ መዝገቡ ላይ ከእሷ በፊት የተጻፈውን ልጅ ቁጥር አየሁና እሱኑ ደገምኩት። ሠላሳ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ደህና ልጅ ማለት ነው። ከጉንፋን አያልፍም ብዬ የትኩሳት ሽሮፕ ሰጠኋት። «ሰኞ ጠዋት ይዘሻት ተመለሺ» አልኳት፤ ቀኑን በካርዱ ላይ ጻፍኩላት።

«እሺ» አለች።

በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ልጇን አየች፣ መልሳ እኔን አየች፣ አፏን ከፈት አደረገች። እኔ ጋዋኔን እያወለቅኩ ነበር። «ሂጂ በቃ፣ ጨርሰናል» አልኳት። እሺ ብላ ሄደች። ሚኒባሱም አላመለጠኝም።

እሁድ ዘመርን። ልብሱ ልክ ሆኖልኝ ነበር። ስለ ፈዋሹ ጌታ ስንዘምር ብዙዎቻችሁ አለቀሳችሁ፤ እኔም አለቀስኩ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ሰኞ ጠዋት በሬን ስከፍት ዓለሚቱ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ላይ ልጅ የለም። ካርዱንና የተረፈውን ሽሮፕ በሁለት እጇ ይዛለች። ጋሽ ገብሬን ጠራኋቸው። ያኔ ጠራኋቸው! እሳቸውም ሰምተው፣ ቆባቸውን አውልቀው ነገሩኝ።

«ልጅቱ አርፋለች ነው የምትለው። ቅዳሜ ቀበርናት ነው የምትለው።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን መጣች?» አልኳቸው። ሞኝ ጥያቄ ነው።

ጠየቋት። ቀስ ብላ መለሰች።

«ሰኞ ተመለሺ አለችኝ፣ እኔም እሺ ብያታለሁ፤ እሺ ብዬ እንዴት እቀራለሁ ነው የምትለው።»

ወገኖቼ! እሷ እሺ ያለችውን አከበረች። ያን ጭቃ በባዶ ጀርባዋ አቋርጣ መጣች። ከዚያ ጋሽ ገብሬ ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው ጨመሩልኝ፦ «አርብ ዕለት ልጅቱ ጡት ከተወች አንድ ቀን አልፏት ነበር፤ ስትተነፍስም ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር ትላለች። ልነግራት ነበር፤ ግን ሲስተሯ ጥያቄውን ከነመልሱ ነው የጠየቀችኝ ትላለች።»

ኃላፊዬ መዝገቡን አየና «ሁሉም ትክክል ነው፣ ስትሄድ ደህና ነበረች፣ ቤት ሄዳ ነው የባሰባት» አለ። ከመዘምራኑ አንዷ እህቴ ደግሞ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ራስሽን አትውቀሺ» አለችኝ። በፍቅር ነው ያለችኝ። ግን ቅዱሳን፣ የእኔን ጥድፊያ የእርሱ ፈቃድ ነው ብዬ ልሸሽግበት? መዘመር አቃተኝ። አፌን እከፍታለሁ፣ ድምፅ የለም። እናንተ ጉሮሮዋን አሟታል ብላችሁ ጸለያችሁልኝ። ጉሮሮዬ ደህና ነበር። ለሳምንታት እንዲህ ዋሽቻችኋለሁ።

በመጨረሻ ጋሽ ገብሬን እንዲያስተረጉሙልኝ ለምኜ ዓለሚቱ ቤት ሄድን። ከእግሯ ሥር ተንበርክኬ እውነቱን ነገርኳት፦ አልገለጥኳትም፣ አልቆጠርኩም፣ ቁጥሩን ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «ብትቆጥሪ ኖሮ ትድን ነበር?»

«አላውቅም» አልኳት። «ግን በዚያኑ ሰዓት መድኃኒት አስጀምሬ ቦንጋ እልካት ነበር። ዕድል ነበራት። እኔ ነኝ የነፈግኳት።»

«እሺ» አለች።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። አልረገመችኝም። እሺ ብቻ። የዚያ እሺ ትርጉም ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እንደፈለገኝ ልተረጉመውም አልደፍርም። ከእንግዲህ በእሷ አፍ ውስጥ መልስ አልጨምርም።

ስንመለስ ጋሽ ገብሬ ወደፊት ቀደም አሉልኝ። ጫካው መንገድ ላይ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ዜማ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ አልቆጠርኩም» አልኩት። ሌላ ቃል አልነበረኝም። እርሱ ግን እዚያው አገኘኝ። ሃሌሉያ! በመዝሙር ያልመጣልኝ ጌታ በዚያች ቃል መጣልኝ። ዳንኩ የምለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። በማግስቱ ኃላፊዬ ፊት ሠላሳ ስምንቱን ሰርዤ «አልተቆጠረም» ብዬ ጻፍኩ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ይገባኝ ነበር።

ልጅቱ ተነሣች ብዬ ብነግራችሁና ብታጨበጭቡ ደስ ባለኝ። አልተነሣችም። ታሪኳ የለችም፤ ይህን እያወቅኩ ነው በየቀኑ ጋዋኔን የምለብሰው። አሁን ጋሽ ገብሬ ካፊኖኖ ያስተምሩኛል፣ በአነጋገሬም ይስቃሉ። «አይደል» የምትለውን ቃል ከክፍሌ አስወጥቻለሁ፤ «ንገሪኝ» እላለሁና ዝም እላለሁ። ባለፈው ወር ትንፋሹ ስልሳ ሁለት የሆነ ልጅ ቆጥሬ በአምቡላንስ ወደ ቦንጋ ላክሁት፣ ድኖ ተመለሰ። ጌታ ይመስገን! ግን የዚያኛው መዳን የዚችኛዋን አይከፍልልኝም።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ደብቃችሁ በንጹሕ መዝገብ የሸፈናችሁት ነገር ካለ ለጌታ ንገሩት። እመኑት። እርሱ «ደህና ነህ አይደል?» ብሎ ጋዋኑን እያወለቀ አይጠይቅም። ቁጭ ብሎ ይሰማል። እኔን ሰምቶኛል፤ ስሙ ይባረክ።

አሁን ያስቀመጣችሁልኝን ደቂቃ ስጡኝ። ማንም አይዘምር፣ ማንም አሜን አይበል። አጠገባችሁ ሕፃን ካለ ልብሱን ገለጥ አድርጉና ደረቱን እዩ። ከሌለ የራሳችሁን ትንፋሽ ቁጠሩ። ይህች ለታሪኳ ያልሰጠኋት ደቂቃ ናት። ሰዓቱን ይዣለሁ።

ጀምሩ።