ወንዙ የሚበላው ዳርቻ

ዛሬ በስደት በምኖርባት አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር ቆሜ ሳለሁ አንድ ፈጣን ጀልባ አለፈ። ያስነሳው ሞገድ፣ ድሮ ለመርከቦች መብራት ያበራ ከነበረውና አሁን ቀለሙ ከተላጠው ቤት ፊት ያለውን ዳርቻ መትቶ አፈሩን ሲያወርደው ተናደድኩ። የቤንዚኑ ሽታ አያቴን፣ አባባን፣ አስታወሰኝ።

አባባ ጣና ላይ ጀልባ ሲነዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እንኖርበት ከነበረው ላንድማርክ ሰፈር በአውቶቡስ ወደዚህ ይዘውኝ እየመጡ፣ ከውሃው እስከ ቤቱ ግድግዳ በእርምጃ ይለኩ ነበር።

"አምና ሃያ ነበር፤ ዘንድሮ ዐሥራ ስምንት ሆነ" አሉኝ አንድ ቀን። "ጀልባዎቹን የሚቆጣጠረውን ቢሮ ኮል አድርጊልኝ። እዚህ ሲደርሱ ቀስ ብለው ይንዱ በያቸው፤ ውሃ ሳይቸኩል ነው አገር የሚበላው።"

ደወልኩ። ያነሳው ሰውዬ፣ "የዚያ ቤት መብራት እኮ ከጠፋ ቆየ፤ ለባዶ ቤት ማን ይጨነቃል?" ብሎ ሳቀብኝ። አፈርኩና ለአባባ፣ "መጥተን እናያለን አሉ" አልኳቸው።

አመኑኝ። በሚቀጥሉት ሦስት ቅዳሜዎች ሱፋቸውን ለብሰው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። በአራተኛው ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉ።

"እንመጣለን ያለ ሰው እንዴት ይቀራል?" አሉ በምሬት። "ይሄ አገር ቃል ያከብራል ብለውኝ ነበር።"

መዋሸቴን ሳልነግራቸው ወደ አውቶቡሱ ሄድን። አባባ ካረፉ ቆዩ፤ እኔ ግን በጀልባዎቹ ልናደድ ወይስ በራሴ፣ እስካሁን አልለየሁም።