የሱፍ ኮፍያ በቆላ

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት በሚያዝያ፣ ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ያስታወሰኝ ትናንት ደብረ ሲና፣ እናቴ ቤት፣ ከሣጥን ውስጥ ያገኘሁት ትርፍ ቢጫ የሱፍ ክር ነው። ውጭው ጉም ነበር። ክሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

በአዋላጅነት በተመረቅሁበት ዓመት ሸዋ ሮቢት ተመደብኩ። ሥራዬ አራሶችንና ሕፃናቱን በየቤታቸው እየዞርኩ ማየት ነበር። ዓይነ አፋር ስለሆንኩ የሰው ደጃፍ ላይ ቆሜ መጣራት ይጨንቀኝ ነበር። የሐዋ ቤት ግን ለየት ይል ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ቤቷ በገባች ማግሥት ስሄድ፣ አማቷ እትዬ ዘይነባ ፓፓያ ቆርጠው፣ "ብዪ ልጄ፣ መንገዱ አቃጥሎሻል" ብለው ተቀበሉኝ። እኔም እናቴ የሠራችውን ቢጫ ኮፍያ ለሕፃኑ አደረግሁለት።

"ጨቅላ ልጅ ብርድ አይችልም። እንዳታወልቁበት፤ በደንብም ጠቅልሉት" አልኩ።

እትዬ ዘይነባ ኮፍያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፓፓያውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

ረቡዕ ስመለስ ሕፃኑ ኮፍያውን እንዳደረገ፣ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ተደርቦበት፣ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ብብቱ ሥር ሙቀቱን ለካሁ፤ ሠላሳ ስምንት። የጨቅላ ትኩሳት እንደማይናቅ ተምሬያለሁ።

"ባጃጅ ይጠራ፤ ሆስፒታል መሄድ አለበት" አልኩ።

ሐዋ አለቀሰች። "ምን አድርጌው ነው? ጡቴ ነው?"

"መጀመሪያ ይሄን ጉድ አውልቂለት!" አሉ እትዬ ዘይነባ። "ደብረ ሲና መሰለሽ እንዴ? እዚህ እኮ ዶሮዋም አፏን ከፍታ ነው የምትውለው። ወላሂ፣ የተማረች ናት ብዬ ነው እንጂ ያን ቀን ነበር አውልቄ የምጥለው!"

ኮፍያውን አውልቀን በስስ ነጠላ ብቻ ሸፈንነውና ነፋሻው በር አጠገብ ጠባ። ባጃጁ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለካሁ፤ ወርዷል። ቆይቼ ደግሜ ለካሁ፤ ደህና ነው። ጡቱን አጥብቆ ይስባል። "አልሐምዱሊላህ" አሉ እትዬ ዘይነባ፤ ባጃጁም ተመለሰ።

ሐዋ ግን ዓይኗ ገና እርጥብ ነበር። "ታዲያ በምን ነው?"

"ሙቀቱ ነው" ብያት ወጣሁ። ሙቀቱ አልኩ እንጂ እኔ ነኝ አላልኩም። እሷ ጥፋቱን ለራሷ ይዛ እንደምታድር እያወቅሁ።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ሄድኩ። ልጁን ለካሁት፤ ደህና አድሯል። ከዚያ መደቡ ላይ ከሐዋ አጠገብ ተቀመጥኩና፣ "አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ጠቅልሉት ያልኩት እኔ ነኝ። የብርድ አገር ልማዴን ይዤ ወርጄ ነው" አልኳት።

ሐዋ ሳቀች። "ለዚህ ነው ቁርስ ሳትቀምሺ የመጣሽው?"

ኮፍያውን ልወስድ እጄን ስዘረጋ እትዬ ዘይነባ ቀሙኝ። "ተይው። ሲያድግ አንቺ አገር ሲወጣ ያደርገዋል።"

በዓመቱ ተዛወርኩ። ከደብረ ሲና እዚያ ድረስ ቁልቁለት ነው፤ ሩቅም አይደለም፤ ግን ከዚያ ወዲህ አልወረድኩም። ልጁ አሁን ሰባት ዓመት ሳይሞላው አይቀርም፤ ያ ኮፍያ ለጡጫው እንኳ አይበቃም። ትናንት ክሩን ይዤ የቆየሁት ሌላ ኮፍያ ልጀምርለት ብዬ ነበር። ጭንቅላቱ ምን ያህል እንዳደገ ግን አላውቅም።