ረጅሙ ሄደር
በፈረንጆቹ 2008፣ የቤንዚን ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ እኔ ባለ ስምንት ሲሊንደር የድሮ መኪና ገዛሁ። ሄደር፣ ማለትም ጭሱን ከሞተሩ ወደ ማርሚታው የሚወስዱትን ቱቦዎች፣ ልቀይርለት ሱቅ ሄድኩ፤ ረጅምና አጭር ዓይነት ነበራቸው።

ሻጩ "የምትኖርበት ግቢ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለው?" ሲለኝ "አለው፤ ግን ድምፁ የሚያምረው የቱ ነው?" አልኩት።

"ረጅሙ፤ ግን ወደ መሬት ይጠጋል።"

ረጅሙን አስገጠምኩ።

እሁድ ባለቤቴንና እናቷን ቤተ ክርስቲያን ላደርስ ስነሳ፣ የግቢያችን የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ቱቦው አስፋልቱን ፋቀው።

"መኪናው እንዲቀለው አንዴ ውረዱልኝ" አልኩ። ወረዱ።

አማቴ ጉብታውን በእግራቸው ተሻግረው "ልጄ፣ ሌላም አለ?" አሉኝ።

"ሦስት ይቀራል፣ እማማ።"

"እንግዲያው እኛ በእግራችን እንሂድ፤ የግቢው በር ላይ እንጠብቅሃለን።"

ቀድመውኝ ደረሱ። እኔ ሰፈሩን እየቀሰቀስኩ እንደ ኤሊ ተከተልኳቸው። በሳምንቱ አጭሩን አስገጠምኩ።