የባሕር ሙላት በወጥ ቤታችን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ፀጉሯን ስታደርቅ፣ ያ አሮጌ ማድረቂያ አቧራ እያቃጠለ የሚያወጣው ጠረን ከባኞ ቤት ተነሥቶ ሳሎኑን ሞላውና የያዝኩትን ሰሐን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሌላ ሰው ያንን ጠረን ቢያሸት ፀጉር ቤት ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ትዝ ያለኝ ማዕበል ነው።

በዘጠናዎቹ ውስጥ ስቶክሆልም ዳር ባለችው ሰፈር በቮርቢ ጎርድ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። አባቴ አዲስ አበባ እያለ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ስቶክሆልም ከመጣ በኋላ ግን ሶልና በሚባል ሰፈር ቢሮ ያጸዳ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ጋዜጣው ላይ ያለችውን የአየር ጠባይ ካርታ ብቻ በጥሞና ያያል። በአማርኛ ሲያናግረኝ በስዊድንኛ እመልስለታለሁ፤ ገባህ ወይ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ሊዛ ከእኛ በላይ ካለው ፎቅ ከእናቷ ጋር የምትኖር የፊሊፒንስ ልጅ ነበረች፤ የምንማረውም አንድ ክፍል ነው። አንድ ቅዳሜ ትቬትስቱጋው፣ ማለትም የሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ልብሳችን ታጥቦ እስኪያልቅ ስንጠብቅ፣ አባቴን ስለ አገሯ አውሎ ነፋስ አንሥታ "ታይፉን ሲመጣ ባሕሩ ለምንድን ነው አያቴ መንደር ድረስ የሚወጣው?" ብላ ጠየቀችው። አባቴ የሚያጥፈውን አንሶላ ቅርጫቱ ውስጥ ወረወረው። በተሰባበረው ስዊድንኛው፣ እንግሊዝኛ እየጨመረ፣ በእጁም እያሳየ ሲያስረዳት ማጠቢያ መኪናው ጨርሶ ሲጮህ እንኳ አልሰማም። ስትወጣ "አመሰግናለሁ፣ ቲቸር" አለችው። አገሩን ከለቀቀ ወዲህ በዚያ ስም የጠራው ሰው አልነበረም። ደረጃውን እያፏጨ ወጣ። ማፏጨት እንደሚችል ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው፤ ደስ ግን አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ባሕር ሆነ። አባቴና ሊዛ ከመጫወቻ ሜዳ ያመጡትን አሸዋ መጋገሪያ ትሪ ላይ ተዳፋት አድርገው ደለደሉና ውሃ ሞሉበት። የክብሪት ቀፎው ቤት፣ አሮጌው የጥርስ ብሩሽ የባሕር ዳር ደን፣ የእናቴ ፀጉር ማድረቂያ ደግሞ ታይፉን ሆነ፤ እናቴ ኤሌክትሪክና ውሃ አጠገብ ለአጠገብ ባየች ቁጥር አማትባ ትወጣለች። ማድረቂያው ሲበራ ውሃው እየተገፋ፣ እየተቆለለ ሽቅብ ይወጣና ቀፎዎቹን ጠራርጎ ይሄዳል፤ ከብሩሾቹ ጀርባ ያሉት ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ።

"ሰው የሚፈራው ነፋሱን ነው" ይላታል አባቴ፣ "ብዙ ሰው የሚጨርሰው ግን ነፋሱ እየገፋ የሚያመጣው ውሃ ነው። መሃል ላይ ጸጥ ሲልም አለቀ ብሎ መመለስ የለም፤ ዞሮ ይመጣል።"

እኔ በሩ ላይ ቆሜ እቀናለሁ። የምትበላው ብስኩት ያስቀናኛል፤ አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጥያቄዋን ሲጠብቅ ማየቱ ያስቀናኛል፤ አያት ያላት መሆኑ፣ ባሕር ያላት መሆኑ፣ ታይፉን እንኳ ያላት መሆኑ ያንገበግበኛል።

አያቷ ማስጠንቀቂያ ሲነገር "ቤቴ ግንብ ነው" ብለው ንቅንቅ አይሉም ነበር። ስለዚህ ሊዛ ደብዳቤ ጻፈችላቸው፤ አባቴም እሷ በነገረችው መሠረት ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት የሚወስደውን መንገድ ሥሎ፣ ነፋሱ ሳይበረታ፣ በቀን ውጡ የሚል አስጻፈበት። ፖስታ ሣጥን መንገዴ ላይ ስለነበር ደብዳቤውን ለእኔ ሰጡኝ። ለእኔ አንድም ቀን ካርታ ሥሎልኝ አያውቅም። ወስጄ ፍራሼ ሥር ደበቅኩት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቴሌቪዥኑ ታይፉን ወደ ሊዛ አገር እየገሰገሰ መሆኑን ተናገረ። አባቴ "እንኳን ደብዳቤው ቀድሞ ደረሰላቸው" አለ።

"አባዬ፣ አልላክሁትም" አልኩት፤ በአማርኛ።

አልጮኸም። ጫማውን አደረገና "አምጪው፤ አንቺው ራስሽ ትሰጫታለሽ" አለኝ። ደረጃው ላይ ቆም ብሎ "ለምን?" ሲለኝ፣ "የኔ አባት ነህ እኮ!" ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

"ታዲያ አንቺ መቼ አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

ሊዛ ፖስታውን ተቀብላ አየችኝና ከፈተችው። እናቷ አያቷ መንደር ያለው ሱቅ ስልክ ላይ ደጋግማ ደወለች፤ መስመሩ እየተቋረጠ በስንት መከራ ተገኘና አያቷ ተጠሩ። እዚያ ገና አልመሸም ነበር። ሊዛ ደብዳቤውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየጮኸች አነበበችላቸው። አያቷ የግንቡን ነገር ሲያነሡ "ግንብ ውሃ አያቆምም!" አለቻቸው። ከዚያ መስመሩ ጠፋ። ሦስት ቀን ሙሉ አባቴ ጋዜጣ አልገለጠም፤ እኔም እህል አልበላ አለኝ። በአራተኛው ቀን አያቷ ደወሉ። ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ኮረብታው ላይ አድረዋል፤ የግንቡን ቤት ግን ባሕሩ ወስዶታል። ያኔ እንኳ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ምስጋናቸው በሊዛ አፍ ለአባቴ ሲደርስ ቀናሁ።

ሊዛ በዚያው ክረምት ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። እኔ አባቴን መጠየቅ ስጀምር እሱ ደክሞት ነበር፤ ብዙውን ነገር ረስቶታል። አምና ሲያርፍ ሊዛ ለቅሶ ደረሰች። አጠገቤ ተቀምጣ፣ አባቴ በልጅነቱ ምጽዋ ላይ ስላየው ማዕበል፣ የመጀመሪያ ቀን ሲያስተምርም ጠመኔው ከእጁ ስለመውደቁ አወራችኝ። አንዱንም አላውቅም ነበር። ያ የድሮው ቅናት ተመለሰብኝ፤ ግን አላቋረጥኳትም። ስትጨርስ "ሌላስ?" አልኳት።