ተከራይ የማይል ማመልከቻ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ አዲስ ካፌ ተቀምጬ ሰው እየጠበቅኩ ሳለ፣ አንድ ጎረምሳ ባንኮኒው ላይ ለጌጥ የተቀመጠውን አሮጌ የጽሕፈት መኪና በአንድ ጣቱ እየጠቀጠቀ ፎቶ ሲነሣ፣ መስመሩ ሲያልቅ የምትጮኸው ደወል ቅጭል አለች። ጓደኞቹ ሳቁ። ያን ድምፅ ለጌጥ የሚፈልገው በእሱ ቤቱን ያላጣ ሰው ብቻ ነው።

ቤታችን ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ፣ አምስት አባወራ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ የነበረ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበር። የተከራዩት አያቴ ነበሩ። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ልብስ ሰፊው አባቴ ሰይድ ኪራዩን በእሳቸው ስም እየከፈለ፣ ቆርቆሮውን እየቀየረ፣ ወለሉን ሊሾ እያስደረገ ይኖር ነበር እንጂ፣ ውሉን ወደ ራሱ ስም ለማዞር አንድም ቀን ቀበሌ ሄዶ አያውቅም። በግቢው ውስጥ የሄደ ሰው አልነበረም። ሁሉም በሟች ስም ይኖር ነበር፤ ሁሉም «ቤቴ» ይል ነበር።

የዓሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ የበሩን ሥር እየሰረሰረ ባለበት ሰሞን፣ ከቀበሌ ደብዳቤ መጣ። ውል የያዙት ሰው በሞት ስለተለዩ ቤቱን አስረክቡ ይላል። አሁን እንደማውቀው፣ ነገሩ አባቴ ከአያቴ ጋር ይኖር እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ፣ «ተከራይ ነኝ፣ ውሉ ይዙርልኝ» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚፈልገው። አባቴ ግን ክረምቱን በሙሉ እየተብሰለሰለ ከርሞ፣ መስከረም ሲጠባ ወደ አቶ ባዩ ሄደ።

አቶ ባዩ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ላስቲክ ወጥሮ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ጠበቃ አልነበረም፤ ጠበቃ ሲሉት ግን አያርምም። ከረባቱን ፈትቶ ስለማያውቅ ቋጠሮው ከላብ ብዛት እንደ ቆዳ ያበራ ነበር፤ ከደረት ኪሱ ብቅ ካሉት ሁለት እስክሪብቶዎች አንዱ ክዳን ብቻ ነበር። ሻይ ሲያዝ እንኳ ሕግ ስለሚጠቅስ የአራዳ ልጆች «ጋሽ አንቀጽ» ይሉታል። «ቤተሰቡን አምጣና ልይ» ስላለው፣ አባቴ እናቴንና እኔን ይዞን ሄደ።

«ቤቱ የማን ነው?» አለ ባዩ ወረቀቱን በጽሕፈት መኪናው ላይ እየጠመዘዘ።

«የአባቴ ነው» አለ አባቴ።

እናቴ ዘይነባ ደረሰኞቹን ያጨቀችበትን የብስኩት ቆርቆሮ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ነበር። «ኪራይ የከፈልንበት ነው ጋሼ፣ ይዩት እስቲ» አለች።

ባዩ ክዳኑን እንኳ አልነካም። «እትዬ፣ ይሄን ይደብቁልኝ! ተከራይ ነኝ ብሎ ዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ተሸንፎ ነው የሚገባው። ሰይድ፣ አንተ ወራሽ ነህ። ወራሽ ደግሞ አይለምንም።»

ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ትከሻ ሲለካ የኖረው አባቴ፣ በዚያች ሰዓት የራሱ ትከሻ ሲሰፋ አየሁ።

እናቴ ማንበብ ስለማትችል ማታ ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። «ከወላጅ አባቴ በውርስ የተላለፈልኝን የግል ቤቴን ቀበሌው እንዳይወስድብኝ» ይላል።

«ተከራይ የሚለው የታለ?» አለችኝ።

«የለም እማ፣ ወራሽ ነው የሚለው።»

«ደረሰኙስ?»

«ይሄ ይበልጣል» አልኳት። ከክፍሌ ልጆች በንባብ ጎበዝ ነበርኩ፤ ያማረ ቃል ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። ባዩን በምንቅበት ጊዜ ሁሉ፣ ይህችን መልሴንም አብሬ እንቃለሁ።

ፍርድ ቤቱ ከእረፍት ተመልሶ ኅዳር ላይ ነገሩ ሲታይ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ የሆነውን እናቴ ነች የነገረችኝ። የቀበሌው ነገረ ፈጅ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ የባለቤትነት ካርታ ጠየቀች፤ ካርታ የለም። ዳኛው ዝግ ብለው፣ «አቶ ሰይድ፣ ቤቱ የራስዎ ነው ወይስ የተከራዩት?» ሲሉት፣ አባቴ ዞሮ ባዩን አየው። ባዩ መናገር አይፈቀድለትም ነበር፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከረባቱን ይመረምር ነበር። እናቴ የደረሰኙን ቆርቆሮ ከነጠላዋ ሥር አወጣች።

«የአባቴ ነው» አለ አባቴ።

የአባቴ ክስ ውድቅ ሆነ። ቀበሌውም ቤቱን ሲረከብ እንደ ማስረጃ ያቀረበው ያንኑ ማመልከቻ ነበር፤ ሰውየው ተከራይ አይደለሁም ብሎ በገዛ ፊርማው ጽፏል። ባዩ ደረጃው ላይ አባቴን ትከሻውን ቸብ አድርጎ፣ «አይዞህ፣ ይግባኝ አለ። አጻጻፉን ግን ዳኛው ራሱ ወዶታል» አለው።

ጥር ላይ ዕቃችንን ጭነን ከከተማው ዳር ወዳለ ሰፈር ሄድን። እናቴ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ቆርቆሮውን እንዳቀፈች ነበር። ዛሬም አልጣለችውም።

እኔ ሕግ የተማርኩት ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ከገዛኋቸው ነጋሪት ጋዜጦች ነው፤ ጎረቤት ወረቀት ሲያመጣልኝ በነጻ አነብለታለሁ። ያኔ ላስቲክ ሥር ይቀመጡ የነበሩት፣ ዛሬ መስተዋት በመስተዋት የሆነ ቢሮ ገብተው በሚሽከረከር ወንበር ላይ ይሽከረከራሉ። ቃላቸው እንደ ድሮው ያማረ ነው፤ ደረሰኝ ግን ዛሬም አይጠይቁም።

ካፌው ውስጥ የጠበቅኳቸው ሴትዮም ከእንዲህ ያለ ቢሮ የተጻፈ ማመልከቻ ይዘው መጡ። «የግል ይዞታዬ» ይላል። የሚኖሩት በወላጆቻቸው የቀበሌ ቤት ነው። ሰርዤ በላዩ «ተከራይ» ብዬ ጻፍኩ።

«ተከራይ?» አሉ ቅር ብሏቸው። «አርባ ዓመት የኖርኩበትን? ሰውስ ምን ይለኛል?»

«ደረሰኙን አምጡልኝ፣ እትዬ» አልኩ።

ትከሻቸው ትንሽ ዝቅ አለ፤ ቦርሳቸውንም ከፈቱ። አባቴም ዳኛው ሲጠይቁት ለአንድ አፍታ እንዲህ ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ በዚያ ምሽት ከካፌው ወጥቼ ከከተማው ዳር ወዳለው ቤቴ ለመሄድ ፒያሳ ላይ የታክሲ ሰልፍ አልቆምም ነበር።