ግማሽና ሲሶ ከአንድ መደብ

ትናንት ከሰዓት የልጅ ልጄ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «እማማ፣ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ሲደመሩ ለምን ሁለት አምስተኛ አይሆኑም? የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደመርሁ እኮ» አለችኝ። ሳቅሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እንኳን ሳቅ እህልም አልወርድልሽ ብሎኝ ነበርና ልጅቱ ደነገጠች።

እኔም ቢቸና ስማር እንዲሁ ነበር የምደምረው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሷል። አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል፦ «ከወደቅሽ ትምህርቱ ይበቃል፤ ትዳርሽን ትይዣለሽ።» ክፍልፋይ በመጣ ቁጥር ገጹን ዘልዬ አልፍ ነበር።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ከእናቴ ጋር ሞጣ፣ አክስቴ ዘንድ ዋልን። የመንገዱ አቧራ ከነጠላችን ሳይራገፍ ቅርጫው ደረሰ። በሬው ታርዶ፣ ሥጋው በቅጠል ላይ በየመደቡ ተደልድሏል። ከአንዱ መደብ እናቴ ግማሹን፣ አክስቴ ሲሶውን ይዘዋል፤ የተረፈው የጎረቤታቸው የእትዬ ውዴ ነው። ቢላ የያዘው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቀና ብሎ አየኝ።

«ተማሪዋ፣ የእናትሽና የአክስትሽ ባንድ ላይ ስንት ይሆናል?»

«ሁለት አምስተኛ!»

አክስቴ አገጯን ያዘች። «ምነው ልጄ! እናትሽ ብቻዋን ግማሽ አላት። የእኔ ሲጨመርበት ከግማሽ አነሰ? ድርሻዬ የእሷን በላባት እንዴ?»

ግቢው በሳቅ አውካካ። ባለ ቢላው ግን አልሳቀም። ከሥጋውም ከአጥንቱም ከጨጓራውም እያዳረሰ መደቡን ስድስት ቦታ አካክሎ ከፈለው።

«የእናትሽ ቁራጭ ትልቅ ነው፣ የአክስትሽ ትንሽ። ሳይተካከሉ እንዴት አንድ፣ ሁለት ተብለው ይቆጠራሉ?» ሦስቱን ወደ እናቴ፣ ሁለቱን ወደ አክስቴ ገፋ። «በይ አሁን ቁጠሪ።»

«አምስት... ከስድስቱ አምስት!»

«አምስቱ ከሙሉው ላይ ሲነሣስ?»

«አንድ ይቀራል። የእትዬ ውዴ!»

ለወራት ይዞኝ የነበረው ጭንቀት እዚያው ቅጠሉ ላይ ለቀቀኝ። ፈተናውን አለፍሁ፤ ከትዳርም ተረፍሁ። ባለ ቢላውን ያገባሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ወድጄ ነው።

ትናንት ለልጅቱ «ግማሹ የእኔ፣ ሲሶው ያንቺ» ብዬ ዳቦ ስድስት ቦታ ቆረስሁላት። ሦስቱን ለእኔ፣ ሁለቱን ለራሷ አደረገች።

«የቀረችውስ የማን ናት?»

«የአያትሽ፣ ነፍሱን ይማርና» አልሁ።

የአያቷን ቁራሽ እኩል ገምሳ ግማሹን በእጄ አስቀመጠችልኝ። ጎረስሁት። ወረደልኝ።