ሁለት ሰው ያጠፋት አንዲት መስመር

ይህ የደረሰብኝ አምና ክረምት ላይ ነው። የማልረሳው፣ ፊቱን አይቼው የማላውቀውን ሰው አንድ ቀን ሙሉ ስረግም ስለዋልኩ ነው።

የምኖረው አሰላ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ሥራ ሳላገኝ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ለአንድ የርቀት ሥልጠና አመለከትኩ። መስፈርቱ፣ ከርነል በሚባለው የኮምፒውተር ዋና አንቀሳቃሽ ላይ አንድ እርማት በአንድ ወር ውስጥ ማስጸደቅ ነው፤ ቀነ ገደቡ አርብ ላይ ይውላል። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ እርማት በኢሜይል ይላካል፤ ኮዱን የሚቆጣጠረው ሰው ካመነበት ከላኪው ስም ጋር ይገባል።

ሦስት ሳምንት ፈልጌ አንድ ስህተት አገኘሁ። ማክሮ የሚባል፣ ለአንድ ቁጥር ስም የሚሰጥ መስመር አለ። ያው አንዱ መስመር አንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንዱን አጠፋሁ። መብራት እየሄደ እየመጣ፣ አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ሞከርኩትና ላክሁት።

ረቡዕ መልስ መጣ። "ይህንኑ እርማት ትናንት ሌላ ሰው ልኮታል።"

ሆድ ባሰኝ። ከዚያ ሁሉ ፋይል መሀል የኔን መስመር! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሳላስብ "እስከ አርብ ካልገባልኝ ዕድሌ ያልፋል" ብዬ ለተቆጣጣሪው ጻፍኩ። መልእክቱ ለሁሉም እንደሚታይ ትዝ ያለኝ ከላክሁት በኋላ ነው። በጣም አፈርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ያ ሰው ራሱ ጽፎ አገኘሁ። "የእሷን ውሰዱ። እኔ አልሞከርኩትም፤ እሷ ሞክራዋለች።" ለብቻዬ ደግሞ በአማርኛ፦ "ልጄ፣ ስምሽን አይቼ ያገሬ ልጅ መሆንሽን አወቅሁ። ገመቹ እባላለሁ፤ ሁሩታ አስተማሪ ነኝ።"

ሁሩታ! በሚኒባስ ደርሼ የምመለስበት!

እርማቴ አርብ ገባ። ቅዳሜ ላመሰግናቸው ሄድኩ። ጋሽ ገመቹ ሃምሳ ያለፋቸው የሒሳብ አስተማሪ ናቸው።

"ገለቶማ፣ ጋሼ" አልኳቸው። "እርስዎ እስካሁን ስንት አስገብተዋል?"

"ምንም። ያቺ የመጀመሪያዬ ነበረች" አሉና ሳቁ። "ምን ይደረግ፣ ሁለቱ ያው አንድ ነው፤ አንዱ መነሳት አለበት። እኔ ደግሞ የተቆረጠ ቀን የለብኝም።"

ስረግማቸው መዋሌን አልነገርኳቸውም፤ ይህን ካነበቡ ዛሬ ያውቁታል።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ስህተት ባገኘሁ ቁጥር እጄን ሰብስቤ መጀመሪያ ሁሩታ እደውላለሁ። እሳቸው ግን "የራሴን ራሴ አገኛለሁ፣ ተይ" ይሉኛል። ባለፈው ወር አገኙ፤ ገባላቸውም። የኔ ሲገባ አላለቀስኩም። የሳቸውን ስም ሳይ ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።